ጥሎሹ ብረት ነው

ወርቅ ቤት ስንገባ ከእኔ ቀድማ ወንበር የያዘችው አክስቴ ናት። ወርቅ ቤቱ ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ያለ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሌላው ደጅ የሚቆምበት ጠባብ ክፍል ነው። ባለሱቁ ቀለበቶቹን በቀይ ጨርቅ ላይ ደርድሮ ተራ በተራ ጣቴ ላይ ይሞክራል፤ አክስቴ ደግሞ እጄን የራሷ እጅ ይመስል ወደ ብርሃን እያወጣች ታገላብጠዋለች።

«ይቺ ቀጭን ናት፤ ልብስ ስታጥብ ትጠፋባታለች» ትላለች። «ይቺ ደግሞ የወንድ ትመስላለች። እስቲ ያቺን፣ አበባ ያላትን አውርዳት!»

መንገድ ላይ ልነግራት አስቤ አፌ አልከፈት ብሎኝ ነበር። ባለሱቁ አበባ ያላትን ሚዛን ላይ ሲያስቀምጣት ግን ከዚህ በላይ ዝም ማለት እንደማይቻል ገባኝ።

«እትዬ፣ እኛ ወርቅ አንገዛም። ቀለበቱን ከብረት ነው የምንሠራው።»

«ከምን?»

«ከብረት። እሱ ራሱ ነው የሚሠራው።»

ባለሱቁ እጁን ከሚዛኑ አነሣ። አክስቴ ፈገግ አለችለት፤ ልጅ በእንግዳ ፊት ያልሆነ ነገር ሲያደርግ እናት የምታሳየው ዓይነት ፈገግታ ነው። «ከትናንት ጀምሮ እያተኮሳት ነው» አለችው። ከዚያ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ አክስቴን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ይረዳል።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የባህል ልብስ ትሸጣለች። ለትምህርት ከገጠር ስመጣ የተቀበለችኝም፣ አስተማሪ ሆኜ እዚያው ከተማ ስመደብ ደግሞ «ቤት መከራየት ምን አመጣው» ብላ ያስቀረችኝም እሷ ናት። አብሬያት ስለኖርኩ አንቱ አልላትም፤ የምፈራው ግን አንቱ ከምላቸው ሁሉ ይልቅ እሷን ነው።

እጮኛዬ ቡሬ ውስጥ በሙያ ማሠልጠኛ የብረታ ብረት ሥራ ያስተምራል። የተዋወቅነው ከጅጋ ወጣ ብሎ ወላጆቼ ያሉበት መንደር የውኃው ሞተር በተበላሸ ጊዜ ነው። ሞተሩ ከቆመ ሰንብቶ ሴቱ ሁሉ ወደ ወንዝ ተመልሷል። ለእረፍት ቤተሰቦቼ ጋ ሳለሁ ጠጋኞች መጡ ተባለና መንደሩ ለማየት ወጣ። እሱ ቱታው ቅባት በቅባት ሆኖ፣ ከሞተሩ ውስጥ የተሰበረ ዘንግ አውጥቶ በፀሐይ ያየዋል። ቀትር ላይ እኛ ቤት ገብቶ የሚጠጣ ውኃ ለመነ። እናቴ «ውኃው በእጅህ አይደለም እንዴ ልጄ!» ብላ ጠላ ቀዳችለት። ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ አሮጌውን ዘንግ በጆንያ ጠቅልሎ ወሰደው። ለምን እንደሚወስደው ስጠይቀው «ደኅና ብረት ነው፤ አይዝግም» አለኝ። ከዚያ ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ።

ለመጋባት ስንስማማ ቀለበቶቹን ከዚያ ዘንግ ልሥራ አለ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ አላለኝም። እንደማንኛዋም ሴት ልጅ እጄን ዘርግቼ ወርቁ ብልጭ ሲል አስቤው አውቃለሁ። ግን ደግሞ ወርቅና እኔ አንስማማም። ልጅ ሆኜ ጉትቻ ባደረግሁ ቁጥር ጆሮዬ ያብጥ ነበር። ስታድግ ይተዋታል ተባለ፤ አልተወኝም። የሸጠልን ሰው ሁሉ «ንጹሕ ወርቅ ነው» ብሎ ይምላል፤ ጆሮዬ ግን መሐላ አያምንም። የአክስቴን ቀለበት ለአንድ ሠርግ ተውሼ አድርጌ ጣቴ ሲያሳክከኝ ሰንብቷል። ይህን ለእጮኛዬ ስነግረው አንድ ትልቅ ችግር እንደተፈታለት ሰው እጁን አጨበጨበ።

አንድ ቅዳሜ ቡሬ ወርጄ ሲሠራው አየሁ። ዘንጉን ቶርኖው ላይ፣ ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጸው ማሽን ላይ፣ አሰረና አስነሣው። የብረቱ ቅርፊት እየተጠቀለለ ይወርዳል፤ እኔ መነጽር አድርጌ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። ከዘንጉ ጫፍ ላይ ቀለበት ቆርጦ ሲያወጣ ያቃጥል ስለነበር ውኃ ውስጥ ጨመረው፤ ከዚያ በጨርቅ ሲያሸው ዋለ። ጣቴ ላይ ሲያስገባው ልክ ሆነ። ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር። አላሳከከኝም። ያን ጊዜ ወደድኩት።

አክስቴ ዝምታዋን ስትጨርስ ምርመራ ጀመረች። መጀመሪያ የጠረጠረችው ድህነት ነው። «ቢቸግረው ይናገራ! እኔ የራሴን አስቀልጬ እሰጣለሁ» አለች። ችግር እንዳልሆነ ስነግራት ወደ ስስት ዞረች። «እንግዲያ ቋጣሪ ነው። ዛሬ ቀለበት የከለከለ ነገ በርበሬ እየለካ ነው የሚሰጥሽ።» ይህም ሲያልፍ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጾም ይጾማል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጾመኛ እንደሆነ፣ እንዲያውም ከእኔ እንደሚብስ አስረዳሁ። በመጨረሻ ከሁሉም የከበደው መጣ።

«ብረት ነው የሚሠራው አልሽኝ?»

«አዎ። ያስተምራል።»

«ራሱ በእጁ?»

«በእጁም በማሽንም።»

«አባቱስ? አያቱስ? ብረት ይሠራሉ?»

ወዴት እየሄደች እንደሆነ አሁን ገባኝ። በእኛ አገር ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው የማይፈልግ ገበሬ የለም፤ ማረሻውን የሠራለት ሰው ልጁን ሲያይበት ግን ቡዳ ነው ብሎ ሕፃኑን በነጠላ ይሸፍናል። አክስቴም የሱቋን የብረት በር የሠራላትን በያጅ «ኢንጂነር» ብላ ምሳ ትጋብዘዋለች፤ ወናፍ የሚነፋ ሰው ቢሆን ግን ከደጅ መልሳ ትሸኘው ነበር። ልዩነቱ መብራት ኃይል ነው።

«አባቱ ከዱርቤቴ ወጣ ብሎ ያሉ ገበሬ ናቸው» አልኳት።

እፎይ አለች። «ተመስገን! እንግዲያ ተምሮት ነው።»

ይህን ሳወራለት እጮኛዬ ሳቀ፤ ሳቁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። «ተማሪዎቼ ውስጥ ያባታቸውን ሙያ ሲጠየቁ የሚዋሹ አሉ» አለኝ። «እኔን ጋሼ እያሉ የሚያከብሩኝ ሰዎች የእነሱን አባቶች ውኃ አያጠጧቸውም። እጃችን ላይ ያለው ብረት ግን አንድ ነው።»

አክስቴ ጉዳዩን ብቻዋን መሸከም ስላቃታት ለእናቴ ደወለች። የገጠሩ ኔትወርክ እንደሚታወቀው ነው፤ አንድ ቃል ያደርስና ሁለቱን ይበላል። እናቴ ደግሞ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ካልሆነ አታወራም። አጠገቧ የተቀመጡት የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ከአክስቴ ረጅም እሮሮ ውስጥ ተቆራርጦ የደረሳቸው ይህ ብቻ ነው፦ «ሙሽራው... ጥሎሽ... ወርቅ ሳይሆን... ብረት ነው...»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ ገጠር ብረት ተብሎ በደፈናው ከተጠራ ጠመንጃ ነው። እገሌ ብረት አለው ከተባለ ማንም ማጭድ አለው ብሎ አይረዳም። አጎቴ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ሲመኙ የኖሩ ሰው ናቸው። የሰው ይዘው ፎቶ ተነሥተዋል፤ ፎቶውም ግድግዳቸው ላይ አለ። እናቴ ግራ ገብቷት ስልኩን ስትዘጋ እሳቸው ተነሥተው ቆመዋል አሉ። «ይሄ ነው ወንድ!» አሉ። «ወርቅማ ማንም ይሰጣል። ብረት የሚሰጥ አማች ከየት ይገኛል?» በሚቀጥለው የጅጋ ገበያ ያልነገሩት ሰው አልነበረም።

ሽማግሌዎች የሚገናኙት ፍኖተ ሰላም አክስቴ ቤት ሆነ። አጎቴ ገበያ ላይ ምን እንዳወሩ እኔም እጮኛዬም አናውቅም ነበር። አጎቴ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው ከአባቴ ጋር መጡ። እጮኛዬ ሰላም ሊላቸው ጎንበስ ሲል ቀና አድርገው ትከሻውን ሳሙት። አባቴ ዝምተኛ ናቸው፤ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። አጎቴ ግን እጮኛዬን አጠገባቸው አስቀምጠው እጁን አልለቀቁም።

«ሰማን እኮ ልጄ፤ ብረቱን ሰማን። እሰይ፣ የኔ አንበሳ!»

እጮኛዬ ደስታው ፊቱ ላይ ታየ። ከቤተሰቤ ስለ ቀለበቱ ደግ ነገር የነገሩት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። «ጋሼ፣ ይከፋችኋል ብዬ ፈርቼ ነበር» አላቸው።

«ብረት ሰጥተህ ማን ሊከፋው? ለመሆኑ የየት አገር ነው?»

«እዚሁ ነው። ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

አጎቴ እጁን ለቀቁት። «ራስህ?»

«አዎ፣ ቶርኖ ላይ። አንድ ቀን ነው የፈጀብኝ።»

«በአንድ ቀን!» አጎቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ሰማችሁ? ከነአፈሙዙ በአንድ ቀን!»

እጮኛዬ አፈሙዝ የሚለውን አልሰማም መሰለኝ። «ደግሞ አይዝግም ጋሼ። ዕድሜ ልኳን አይዝግባትም።»

«አይዝግባትም? ለማን?»

«ለእሷ ነዋ። ልክ በጣቷ ነው የሠራሁት።»

«ጣትማ ግድ ነው፤ ያለ ጣት ምን ሊሠራ!» አሉ አጎቴ፤ የዓይናቸው ደስታ ግን ትንሽ መወላወል ጀምሯል። «ግን የሴት ልጅ ጣት ምን አመጣው? ለመሆኑ አሁን የት ነው ያለው?»

«ይዤዋለሁ» አለና እጁን ኪሱ ውስጥ አስገባ።

አጎቴ ኪሱን አዩት። ከኪሱ የሚወጣ ብረት እንዳላሰቡ ፊታቸው ይናገራል፤ ግን ሽጉጥም ቢሆን ብረት ነው። እጮኛዬ ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ አውጥቶ ፈታና ቀለበቱን መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው።

አጎቴ ቀለበቱን አዩት፤ ጨርቁን አዩት፤ የቀረ ነገር ካለ ብለው ኪሱን ደግመው አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ብረቱ ነዋ ጋሼ።»

ያን ቀን የሆነውን ሁሉ መጻፍ አልችልም። አጎቴ «በአደባባይ ተዋረድኩ» ብለው ተነሡ፤ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሳል አስመስሎ ደጅ ወጣ። አክስቴ «እኔ ቀለበት ነው ያልኩት!» እያለች ትምላለች። እጮኛዬ ነገሩ ሲገባው ፊቱ ቀላ፤ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት አጎቴ «አንተ ምንም አትበል፤ አንዴ ተናግረሃል» ብለው አስቆሙት።

ከዚያ አባቴ ከበሩ አጠገብ ተነሥተው መጡ። ቀለበቱን ከወንድማቸው መዳፍ አንሥተው በአውራ ጣታቸው አሹት። «የሞተሩ ዘንግ ነው?» ብለው ጠየቁ። እጮኛዬ አዎ አላቸው። «ስንት ዘመን ውኃ ሲያወጣ የኖረ ብረት ነው። እኔ አልጠላሁትም» አሉ። ትንሽ አሰብ አድርገው ግን «ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች? እሱን ጠይቁ» ብለው ነገሩን ወደ ንስሐ አባታችን መሩት። አባቴ በሕይወታቸው ሙሉ እንዲህ ናቸው፤ ውሳኔያቸውን ይናገሩና ኃላፊነቱን ለሌላ ያስረክባሉ።

የንስሐ አባታችን በወጣትነታቸው ቅኔ የተማሩ ናቸው፤ ስለዚህ ቀጥተኛ መልስ ከእሳቸው አይጠበቅም። እጮኛዬ፣ እኔና አክስቴ ሆነን ሄድን። ቀለበቱን በመስቀላቸው ጫፍ ነካ አድርገው አዩትና «እኔ ሰሙን አየሁት፤ ወርቁን ግን አጣሁት» አሉ።

እጮኛዬ «አባ፣ ወርቁ እሷ ናት» አላቸው።

አባ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ደስ አለኝ፤ ቢሆንም ሁለታችን ብቻ ስንሆን እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮኝ እንደማያውቅ ልብ አልኩ።

«እንግዲህ ብረትም የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው» አሉ አባ። «ጌታችንስ የተቸነከረበት ብረት አይደለም?»

«እሱንማ የቸነከሩት ጠላቶቹ ናቸው!» አለች አክስቴ።

አባ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። «እሱም ልክ ነው» አሉ። ከዚያ ለብቻቸው መወሰን እንደማይችሉ፣ ለደብሩ አለቃ እንደሚያቀርቡት ነገሩን። አለቃው ለሰበካ ጉባኤው አቀረቡት። በስብሰባው ላይ አንድ ሽማግሌ «ዛሬ ብረት ከፈቀድን ነገ ፕላስቲክ ይዘው ይመጣሉ» ብለው እንደተቃወሙ፣ ሌላው ደግሞ «የድሮ ሰው በሣር ቀለበትም አግብቷል» ብለው እንደመለሱ ሰማን። ውይይቱ ወደ ቀብር ቦታው አጥር፣ ከዚያ ወደ ደወሉ፣ ከዚያም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የብረት በር ዞረ። በሩ ማጠፊያው ተሰብሮ በገመድ ታስሮ ከርሟል። ይህን ጊዜ አንዱ «ልጁ ብረት ሠሪ አይደለም እንዴ?» አለ።

እጮኛዬ በሚቀጥለው ሳምንት የብየዳ ማሽን ይዞ ከቡሬ መጥቶ በሩን ሠራ። ያለ ኮሽታ የሚከፈት በር ሆነ። ከዚያ በኋላ ስለ ብረት ክፉ የሚናገር ሰው አልተገኘም፤ አለቃውም በመጽሐፍ ቀለበት ይሁን ተባለ እንጂ ከምን ይሁን አልተባለም ብለው ፈቀዱ።

አክስቴ ግን የቀራት ትልቅ ጉባኤ ነበር፤ ደንበኞቿ። አንድ ቀን ሱቋ ውስጥ ሆኜ ጥልፍ ስመርጥ አንዲት ሴት ቀለበቱን ጣቴ ላይ አይታ እጄን ያዘችና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። አክስቴ ከመደርደሪያው ኋላ ሆና ቀና ብላ እንኳን ሳታይ «ነጭ ወርቅ ነው» አለች። ቃሉን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። እሷም የምታውቅ አይመስለኝም፤ ራሷም ደነገጠች። ሴትዮዋ ግን እጄን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። «ነጭ ወርቅ! ስሰማው እንጂ አይቼው አላውቅም።»

«ከውጭ ነው» አለች አክስቴ፤ ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት። «ቢጫውማ ድሮ ቀርቷል።»

ሠርጉ እስኪደርስ ድረስ ነገሩ ከተማውን አዳርሶ ገጠር ገባ። ወላጆቼ ግቢ በተጣለው ዳስ ውስጥ ሴቶች እየተነሡ እየመጡ ጣቴን አዩ። አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ወልወል አደረገችው፤ ሌላዋ «እንደ ጨረቃ ነው» አለች። ባለቤቴ ውሸት አይወድም። ለጠየቀው ሁሉ «ብረት ነው፤ ከውኃ ሞተር ዘንግ ነው የሠራሁት» ይላል። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። «ሲቀልድ!» ይላሉ። አንድ የአባቴ ጎረቤት ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አስተዳደግህ ያስታውቃል። ያለው ሰው አያወራም» አሉት። ደጋግሞ በማለ ቁጥር ትሕትናው እየገነነ ሄደ። በመጨረሻ ማለቱን ትቶ ጠጁን ጠጣ።

አጎቴ እንኳ ተሸንፈው ነበር። ነጭ ወርቅ መሆኑን ከሌላ ሰው ሰምተው ጠጋ አሉኝና ጣቴን ረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩ። ቁጣቸው ወደ ሐዘን ተለውጧል። «ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «እውነት ነጭ ወርቅ ከሆነ፣ እሱን የሚገዛ ሰው አንድ ብረት መግዛት ያቅተው ነበር?»

ከሠርጉ በኋላ አልፎ አልፎ ወሬው ይደርሰኛል። ያ የወርቅ ቤት ባለሱቅ ነጭ ቀለበቶች አምጥቶ በቀዩ ጨርቅ ላይ ደርድሯል። በዚያ ሳልፍ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለሰው አልናገርም፤ የእናንተ ከየት ነው?» አለኝ። ከውኃ ሞተር ነው አልኩት። «ይሁን፤ አትንገሪኝ» ብሎ ተቀየመ። አብራኝ የምታስተምር አንዲት ልጅ ደግሞ እህቷ ቢጫ ቀለበት አላደርግም ብላ ሽማግሌ እንደመለሰች ነገረችኝ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ያዝንና ይናደዳል። «ብረት ስለው የናቀኝ ሰው ሁሉ ያንኑ ብረት ወርቅ ሲባል ያከብረኛል» ይላል። እኔ ደግሞ ቢያንስ ጣቴ አላሳከከኝም እለዋለሁ።

በዓመቱ ሴት ልጅ ወለድኩ። ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ አክስቴ ቤት ገባሁ፤ እናቴም ከገጠር መጥታ ገንፎ ታገነፋ ጀመር። አክስቴ አልጋዬን አንጥፋ፣ መጋረጃውን ጋርዳ ስትጨርስ ጓዳ ገባችና አሮጌ ማጭድ ይዛ ወጣች።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«አራስ ያለ ብረት ትቀመጣለች እንዴ? ክፉ እንዳይጠጋሽ ነዋ።»

ደክሞኝ ስለነበር ለክርክር አቅም አልነበረኝም። እጄን ብቻ ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣሁላት። «እትዬ፣ ብረትማ ጣቴ ላይ አለ።»

«የቱ?»

«ይሄዋ።»

አክስቴ ቀለበቱን አየችው፤ ከዚያ ድካም አእምሮዬን ያሳተኝ መስሏት አዘነችልኝ። «ያ እኮ ወርቅ ነው ልጄ» አለች። «ወርቅ ለዚህ አይሆንም።»

ትስቃለች ብዬ ፊቷን ጠበቅሁ። አልሳቀችም። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ሆኖ ሊናገር አፉን ሲከፍት እናቴ የገንፎውን ሳህን አስያዘችው። አክስቴ ማጭዱን ከትራሴ ሥር ሻጠችው። እጀታው ስለጎረበጠኝ ዞሬ ወደ ሕፃኗ ተኛሁ።